በወንድሟ ስም

ጀነት ዋሽታ አታውቅም ብንል የቁይ ገበያ በሙሉ ከት ብሎ ይስቅብናል። ሃያ ዓመት ጨርቅ የሸጠች ሴት ናት፤ «ቀለሙ ፈጽሞ አይለቅም» ያለችለት ሻሽ የስንቷን ነጠላ እንዳበላሸ አላህ ይወቀው። የዚያን ሐሙስ ውሸቷን ግን ከሻሹ ውሸት ጋር አትደባልቁባት። ይሄኛው በወንድሟ ኩላሊት ላይ የተዋሸ ነው፤ እሱን ስታስበው ዛሬም ፊቷ ይቀላል።

ነገሩ ከወንድሟ ከጋሽ አብዱልቃኒ ይጀምራል። አባታቸው ሲሞቱ ጀነት የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ያሳደጓት እሳቸው፣ የዳሯት እሳቸው፣ ባሏ ሲሞትባትም የልብስ ሱቃቸውን ለሁለት ከፍለው «ነይ እዚህ ተቀመጪ» ያሏት እሳቸው ናቸው። ሰውየው ስኳር ከያዛቸው ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ኩላሊታቸው መድከም ጀምሯል። ይህን የሚያውቁት ሚስታቸውና ጀነት ብቻ ናቸው። ልጆቻቸው እንኳ አባታቸው በየወሩ ደብረ ማርቆስ የሚመላለሱት ዕቃ ሊያወርዱ ይመስላቸዋል። «ነጋዴ ታመመ ከተባለ አለቀለት» ይላሉ። ያበጠ እግራቸውን ከባንኮኒው ሥር ደብቀው፣ ቀኑን ሙሉ ከወገብ በላይ ጤነኛ ሆነው ይውላሉ።

ባለፈው ዓመት ግን ደብረ ማርቆስ ከሚታከሙበት ቦታ አንዲት ወጣት ተመራማሪ አገኘቻቸው። መቅደላዊት ትባላለች። ስኳር ኩላሊታቸውን የነካባቸውን አርባ ሰዎች ከነአስታማሚዎቻቸው ሰብስባ፣ በየሦስት ወሩ የጠዋት ሽንታቸውን እንዲሰጧት ለመነቻቸው። ልጅቷ አነጋገር ትችላለች።

«ኩላሊታችን በጥቃቅን ሕዋሳት የተሠራ ነው» አለቻቸው። «በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ዘረ-መል የሚባል አለ፤ ሕዋሱ ምን መሥራት እንዳለበት የሚያዘው እሱ ነው። ስኳር ሲበዛ አንዳንዱ ዘረ-መል ሕዋሱን ‹ሙት› ብሎ ያዘዋል። ሌላው ደግሞ የሰውነታችንን ዘበኞች ይጣራል፤ በሽታ የሚከላከሉልንን ማለቴ ነው። ሌባ ገባ ተብለው የመጡ ዘበኞች ሌባውን ሲያጡት ባለቤቱን መደብደብ ቢጀምሩ ምን ይባላል? እኛ የምናጠናው ማን ‹ሙት› እንዳለና ማን ዘበኛ እንደጠራ ነው።»

ሰው ሳቀ። ጀነት ግን እጇን አውጥታ «ይሄ ዘረ-መል የምትዪው ከየት የመጣ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ከእናትና ከአባት። ለምሳሌ ወንድምና እህት ብዙውን ይጋራሉ።»

መቅደላዊት ከዚያ በኋላ ብዙ ተናግራለች። ጀነት ግን ወንድምና እህት የምትለዋን ይዛ ቀረች፤ የቀረውን በአንድ ጆሮዋ አስገብታ በሌላው አስወጣችው። ከወረቀቱም ላይ ያስታወሰችው ሁለት ጊዜ የቀረ ሰው ከጥናቱ ይወጣል የሚለውን ብቻ ነው። ጋሽ አብዱልቃኒ ደግሞ በክረምት አንድ ጊዜ ቀርተዋል።

ያን ሐሙስ ጠዋት አብዱልቃኒ ከወንዙ ማዶ የሞተባቸውን የልጅነት ጓደኛቸውን አንሙትን ሊቀብሩ ወጡ። ከመውጣታቸው በፊት ክዳን ያላትን ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ሞልተው ለጀነት ሰጧት። እሷም በፎጣ ጠቅልላ፣ በጨርቅ ቦርሳ ከታ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሚኒባስ ተሳፈረች።

ጥፋቱ የረዳቱ ነው። ጉልበቷ ላይ እንደያዘችው ብትሄድ ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር፤ ረዳቱ «ቦታ አጣበብሽ» ብሎ ቦርሳዋን ነጥቆ ከወንበሩ ሥር ወሸቀውና የአንዱን ሰው ጆንያ ጫነበት። ግማሽ መንገድ ላይ እግሯ ሥር እርጥበት ተሰማት። ጎንበስ ብላ ስታይ ክዳኑ ተስፈንጥሮ ፎጣው ሾቋል።

አጠገቧ የተቀመጡት አዛውንት ቄስ አዝነው «ጠበል ነበር እንዴ ልጄ?» አሏት።

«መድኃኒት ነው አባ» አለች ጀነት ዓይኗን በጨው አጥባ። ቄሱ «ይማርሽ» ብለው የጋቢያቸውን ጫፍ ሰበሰቡ።

ደብረ ማርቆስ ስትወርድ ባዶውን ዕቃ ይዛ መናኸሪያው መካከል ቆመች። ባዶ እጇን ብትሄድ ጋሼ ሁለተኛ ቀሩ ይባላል። ከጥናቱ ይወጣሉ። ከጥናቱ ከወጡ ደግሞ ሐኪሞቹ ይተዉአቸዋል፤ እሷ የገባት እንደዚያ ነው። ሰው ሊቀብሩ የሄዱትን ወንድሟን ከአሁን በኋላ ማን ኩላሊታቸውን ያይላቸዋል? በሷ ዝርክርክነት ጋሼ ሊሞቱ ነው። እንባዋ ሊመጣ ሲል የመቅደላዊት ቃል ትዝ አላት። ወንድምና እህት ብዙውን ይጋራሉ።

ይጋራሉ እንጂ! ከአንድ ማሕፀን የወጡ፣ አንድ ጡት የጠቡ፣ ከአንድ ትሪ የበሉ ናቸው። በአገሩ ደንብ ደም ሲቆጠር ጀነትና አብዱልቃኒ አንድ ናቸው። ለጋብቻም፣ ለእርቅም፣ ለቂምም አንድ የሆነ ደም ለሽንት ጊዜ የሚለያይበትን ምክንያት ጀነት ልታየው አልቻለችም። መጸዳጃ ቤት ገባች፤ ዕቃዋን በውኃ አለቀለቀችና ራሷ ሞላቻት። ሽንት ደግሞ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አልቸገራትም። ከዚያም የወንድሟ ስም የተጻፈባትን ዕቃ ሄዳ ለመቅደላዊት አስረከበች።

በማግስቱ የአብዱልቃኒ ስልክ ጮኸ። መቅደላዊት ነበረች፤ ደስታዋ በስልኩ ያልፋል።

«ጋሽ አብዱልቃኒ፣ በሽንትዎ የሚወጣው ፕሮቲን በጣም ወርዷል! ከበፊቱ ሲሶውን እንኳ አያህልም። ለሐኪምዎም እነግረዋለሁ። መድኃኒትዎን እንዳያቋርጡ፣ በዚሁ ይቀጥሉ!»

አብዱልቃኒ ስልኩን አስቀምጠው «አልሐምዱሊላህ» አሉና አለቀሱ። ጀነት ወንድሟ ሲያለቅሱ ያየችው እናታቸው የሞቱ ቀን ብቻ ነው። «ድኛለሁ፣ ጀነት። አላህ ምሮኛል» አሏት። እሷም «እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ» አለች።

ምነው ያኔ በተናገረችው! ሰውየው ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ሰው ሆኑ። በግ አርደው ሰደቃ አወጡ፤ ለምን እንደሆነ ለጎረቤት ባይናገሩም። ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር ጀመሩ። ጨው የሌለው ወጥ የሚሠሩላቸውን ሚስታቸውን «የድሮ እጅሽ የት ሄደ?» አሏቸው። ኪኒኑን ደግሞ «የዳነ ሰው መድኃኒት ምን ያደርግለታል?» ብለው ከመሳቢያው ከተቱት። ጀነት ብትለምን፣ ብትቆጣ፣ ብታኮርፍ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። «ውጤቱን ሰምተሻል አይደል?» ይሏታል።

በሦስተኛው ሳምንት አብዱልቃኒ ጫማ እምቢ ብሏቸው በነጠላ ጫማ ወደ ሱቅ መጡ። እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተነፍቷል። ደረጃዋን ሲወጡ ቆም ብለው ተነፈሱና «ሙቀቱ ነው» አሉ። የቁይ ብርድ አጥንት ሰርስሮ በሚገባበት ኅዳር!

ጀነት ያን ጊዜ ቆረጠች። ካልተናገረች ወንድሟን በገዛ ሽንቷ ልትገድላቸው ነው፤ ከተናገረች ደግሞ ከጥናቱ ታስወጣቸዋለች። የሚያክማቸው ጠፍቶ መሞትና ተታለው መሞት ፊቷ ቆሙ። ቢያንስ ተታለው አይሙቱ አለች። በማግስቱ እህል ሳትቀምስ ደብረ ማርቆስ ወረደች።

መቅደላዊት ላቦራቶሪው በር ላይ ስታያት ደነገጠች። «እትዬ ጀነት! ልደውልላችሁ ስል መጣችሁ። ጋሽ አብዱልቃኒስ?»

«የመጣሁት ብቻዬን ነው። ልጄ፣ አንድ ነገር አጥፍቻለሁ…»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች መቅደላዊት። ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው። «የዘረ-መሉ ውጤት ትናንት ወጣ። ወንድ ሁሉ ያለው፣ ሴት የሌላት ዘረ-መል አለ። የጋሽ አብዱልቃኒ ስም ባለበት ዕቃ ውስጥ እሱ የለም። የሴት ሽንት ነው! እዚህ ውስጥ የሰው ዕቃ አቀያይሬአለሁ ማለት ነው። የቱን ከየቱ እንዳቀያየርኩ ስለማላውቅ የአርባውንም ሰው ሥራ አቁሜዋለሁ። የሁለት ወር ልፋት ነው እትዬ። የማን እንደሆነ ባውቅ…»

«የኔ ነው።»

ጀነት ሁሉንም ነገረቻት። ረዳቱን፣ ጆንያውን፣ ቄሱን፣ መጸዳጃ ቤቱን። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠቻት ደስ ባላት። «አንድ ደም ነን ብዬ ነው። አንቺው ነሽ ወንድምና እህት ይጋራሉ ያልሽው። ቅጪኝ ከፈለግሽ፣ ጋሼን ግን ከሕክምናው አታስወጪብኝ።»

መቅደላዊት መጀመሪያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቀጥሎ ሳቅ አፈናት፤ ሳቋ ሳያልቅ ዓይኗ እንባ ሞላ። ንዴትም ነበረበት፣ እፎይታም ነበረበት። «እትዬ፣ ያን ቀን ነግሬአችሁ ነበር እኮ። ከጥናቱ የወጣ ሰው ከሕክምናው አይወጣም። ሕክምናው የሁሉም ነው። ጥናቱ ቢቀርባቸው እንኳ ሐኪማቸው ሐኪማቸው ነው። ‹ፈሰሰብኝ› ቢሉኝ ሌላ ዕቃ እሰጥዎት ነበር!»

ጀነት በጭንቅ የከሳችበት ነገር ለካ ከመጀመሪያውም አልነበረም።

«ደግሞ መጋራቱ ልክ ነው» ቀጠለች መቅደላዊት፤ «አንድ ዓይነት መጽሐፍ ሁለት ቤት ሊኖር ይችላል። እኔ የማየው ግን በየትኛው ቤት የትኛው ገጽ እንደተገለጠ ነው።» ይህን እያለች ድምፅዋ ቀስ በቀስ ወረደ። የሆነ ነገር የታሰባት መሰለች። ኮምፒውተሯን ከፍታ ብዙ ቆየች። «እትዬ ጀነት፣ ስኳርዎን ተለክተው ያውቃሉ?»

«እኔ? እኔ ምን ሆኜ! በቤታችን ጤነኛዋ እኔ ነኝ።»

«ውኃ ይጠማዎታል?»

«ይጠማኛል። ማን የማይጠማው አለ?»

«ሌሊት ለሽንት ይነሳሉ?»

ጀነት በልቧ ቆጠረች። ሦስት ጊዜ፣ አንዳንዴም አራት ጊዜ ትነሳለች። ዕድሜ ነው ብላ ነበር።

«የእርስዎም ዘረ-መል ዘበኛ መጥራት ጀምሯል፤ ስለሱ ግን አይጨነቁ፣ እሱ ገና ጥናት ነው፣ በሱ ብቻ ማንንም ታመሃል አንለውም» አለች መቅደላዊት። «ፕሮቲኑ ግን ለጋሽ አብዱልቃኒ ትንሽ ነው ብዬ የተደሰትኩበት ነው። ለጤነኛ ሰው ብዙ ነው። ቁርስ በልተዋል?»

«በምን አፌ!»

ጣቷን ወጋቻት። ማሽኑ ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት ጻፈ፤ በባዶ ሆድ ከመቶ ብዙም ማለፍ አልነበረበትም።

ጀነት ቁጥሩን አየችው። ፍርሃቱ ከእግሯ ጀምሮ ነው የወጣው። ጋሼን አየቻቸው፤ እግራቸውን፣ ትንፋሻቸውን። ያበጡትን እናቷንም አየቻቸው፤ ውኃ ውኃ እያሉ የሞቱትን፣ የበሽታቸውን ስም ማንም ሳይነግራቸው ያለፉትን። «አለቀልኝ በይኛ» አለች።

መቅደላዊት እጇን ያዘቻት። «አላለቀም። እንዲያውም ሳይጀምር የደረስን ያህል ነው። ጋሽ አብዱልቃኒ ኩላሊታቸውን መታከም የጀመሩት በጣም ከተጎዳ በኋላ ነው። የእርስዎ ገና መነካቱ ነው። ሐኪሙ አይቶ ያረጋግጣል፤ ዛሬ መድኃኒት ቢጀምሩ፣ ስኳሩንና ግፊቱን ቢይዙት ረጅም ዘመን ይኖራሉ። እትዬ፣ እነዚያ ዘበኞች ገና በር ላይ ናቸው።» ከዚያ እንደገና ሳቀች። «ባይዋሹኝ ኖሮ እኮ አላውቅም ነበር። ሁለተኛ ግን እንዳይለምድዎት!»

ከሰዓት በኋላ ጀነት ቁይ ስትደርስ አብዱልቃኒ ሻይ ይዘው ተቀምጠው ነበር። ከጫማዋ አቧራውን ሳታራግፍ ነገረቻቸው። የፈሰሰውን፣ የተሞላውን፣ በመጨረሻም የማሽኑን ቁጥር።

አብዱልቃኒ ብርጭቆውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። ቢቆጧት ትወድ ነበር፤ እሳቸው ግን ያበጠ እግራቸውን አዩ። «ታዲያ እኔ አልዳንኩም» አሉ።

«አልዳኑም ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔን ተዪኝ። አንቺ ስኳር አለብሽ ነው የምትዪኝ?»

«አለብኝ።»

«ዘጠኝ ዓመት ደበቅሁት» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። «ሐኪሙ የመጀመሪያውን ቀን ‹ቤተሰብዎን ያስመርምሩ› ብሎኝ ነበር። ወሬው ይወጣል ብዬ ተውኩት። አንቺን ተሸክሜ ያሳደግሁሽ ሰውዬ፣ በአፌ ልገድልሽ ነበር።»

«ኧረ አልሞትኩም ጋሼ!» አለች ጀነት፤ ሳታስበው ሳቀች፣ ሳቋም ወደ ልቅሶ ሄደ። ሁለቱም አለቀሱ። ሁለት ደንበኞች በሩ ላይ ደርሰው ሐዘን መስሏቸው ተመለሱ። አብዱልቃኒ መሳቢያውን ከፍተው ኪኒኑን አወጡና በዚያው ባስቀመጡት ሻይ ሊውጡት ሲሉ ጀነት ብርጭቆውን ከእጃቸው ነጥቃ ውኃ ሰጠቻቸው።

በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት መቅደላዊት በመስኮት ስታይ አንድ ሚኒባስ በሩ ላይ ቆመ። መጀመሪያ አብዱልቃኒ በከዘራ ወረዱ፤ ቀጥላ ጀነት። ከዚያ የአብዱልቃኒ ልጆች፣ የጀነት ልጅ ቢልቂስ፣ የአጎት ልጆች፣ ሕፃን ወንድሟን ያዘለች የልጅ ልጅ ሳትቀር ወረዱ። አሥራ አንድ ሰው። ሱቁ ተዘግቷል።

«አንድ ደም ነን ብላ ዋሽታሻለች አሉ» አሏት አብዱልቃኒ ለመቅደላዊት። «እንግዲያው ደሙን በሙሉ አምጥቼልሻለሁ። ለጥናትሽ የሚሆነውን አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ የምፈልገው ጣታቸውን እንድትወጊልኝ ነው።»

ተሰለፉ። ለምን እንደመጡ በትክክል የሚያውቅ ከመካከላቸው አልነበረም። «አጠቃላይ ምርመራ» ነው የተባሉት፤ ዘጠኝ ዓመት የተለመደ ምሥጢር በአንድ ቀን አይለቅም። የአብዱልቃኒ ታናሽ ልጅ ሙስዓብ ደህና ሆነ። ቢልቂስ ደህና ሆነች። እየሳቁ፣ እየተሿሿፉ፣ ጣታቸውን በጥጥ ይዘው ይወጣሉ። ፈሐድ ላይ ሲደርስ መቅደላዊት ሁለተኛ ጊዜ ለካች። ፈሐድ የአብዱልቃኒ የበኩር ልጅ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ በጉልበቱ የሚመካ፣ ኩንታል ብቻውን የሚያነሳ።

«ስኳርህ ከፍ ብሏል» አለችው ቀስ ብላ። «ሐኪም ጋ እንገናኛለን።»

ፈሐድ ፊቱ አመድ መሰለ። ዙሪያውን አየ፤ የሰማ ሰው መኖሩን ነበር የሚያየው። «ስህተት ነው» አለ። «እኔ ጤነኛ ነኝ። ደግሞ ይህን ለማንም እንዳትናገሩብኝ፤ ነጋዴ ነኝ።»

ጀነት ወደ ወንድሟ ዞረች። አብዱልቃኒ የገዛ ቃላቸውን ከልጃቸው አፍ ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ከዘራቸውን ለጀነት ሰጧት፤ ኮሪደሩን በሞላው ሰው ፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን አወለቁ። ካልሲውንም አወለቁ። ያበጠውን፣ የሚያብረቀርቀውን፣ ጣት ቢጫኑት ጎድጉዶ የሚቀረውን እግራቸውን ልጃቸው ፊት ዘረጉ።

«እየው» አሉት። «ዘጠኝ ዓመት ደብቄ እዚህ ደረስኩ። አንተ እዚህ እንዳትደርስ ነው ሱቅ ዘግቼ ያመጣሁህ። ቀድሜ ልነግርህ ይገባኝ ነበር ልጄ፤ ይቅር በለኝ።»

ፈሐድ ተንበርክኮ የአባቱን እግር በሁለት እጁ ያዘ፤ በጣም ቀስ ብሎ፣ ያመዋል ብሎ እንደሚፈራ ሰው። «ያምዎታል አባባ?» አለ።

«ስደብቀው ያመኝ ነበር» አሉ አብዱልቃኒ።

ጀነት ከዘራውን ታቅፋ አለቀሰች፤ ሰው አየኝ አላየኝም አላለችም። መቅደላዊት አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገችና ሕፃን ያዘለችውን ልጅ «ነይ፣ አንቺ ነሽ ተረኛ» አለቻት።